የያዘው ይመርምረው?

— ለከተማችን ለአሰንዳቦ የሚያስፈልጋት መደበኛ ፖሊስ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ቡናው ሲቀላ ሌሊት ከማሳ ማሳ የሚዞር፣ ባትሪው ከሩቅ የሚታይ፣ ሌባ «ዛሬ አለ» ብሎ የሚፈራው ሰው። መርማሪ የሚመጣው ቡናው ከሄደ በኋላ ነው። ከሄደ በኋላ ደግሞ ምን ይሠራል? ወረቀት ይሞላል።

— ጋሼ፣ ዕድሜዎን በደንብ ልብስ ስላሳለፉ ይሆን እንዲህ የሚያዩት?

— ሊሆን ይችላል። አንቺም ጠበቃ ስለሆንሽ ወደ እጅሽ የሚገባው የተበላሸው መዝገብ ነው። ደህና የተሠራውን መዝገብ ይዞ ወደ ጠበቃ የሚሮጥ የለም።

— እሺ፣ እቀበላለሁ። መጀመሪያ ግን ልዩነቱ ምን ላይ እንደሆነ እንስማማ። ሰው ሁለቱን የሚለያቸው በልብስ ነው፤ አንዱ ደንብ ልብስ ለባሽ፣ ሌላው ሲቪል ለባሽ። ወይም በማዕረግ ይለያቸዋል፤ መርማሪው ከፍ ያለ፣ ጎዳና ላይ የቆመው ዝቅ ያለ ይመስለዋል። እኛ አገር መርማሪ የሚባል ማዕረግ የለም። ከኮንስታብል ተነስቶ በሳጅንና በኢንስፔክተር አድርጎ ወደ ኮማንደር የሚወጣው መሰላል ለሁሉም አንድ ነው። ምርመራ የሥራ ምድብ ነው፤ ዛሬ ወንጀል መከላከል ላይ ያለ ሳጅን ነገ ምርመራ ክፍል ሊገባ ይችላል።

— እሱን ለእኔ አታስረጂኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ አይቻለሁ።

— ታዲያ የሚለያቸው ሥራው ነው። መደበኛው ፖሊስ እየሆነ ያለውን ያስቆማል። ጠብ ይገላግላል፣ የሚሮጠውን ይይዛል፣ የተጎዳውን ያነሳል። መርማሪው የሆነውን ነገር ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልጋል። የመጀመሪያው በደቂቃ ውስጥ ካልወሰነ ሰው ይሞታል። ሁለተኛው በደቂቃ ውስጥ ከወሰነ ንጹሕ ሰው ይታሰራል። እነዚህ ሁለት ጠባዮች በአንድ ሰው፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጉዳይ ላይ አብረው አይኖሩም ነው የምለው።

— ሕጉ ግን አብረው ይኖራሉ ይላል። የ1954ቱን የሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 22 ክፈቺ። ወንጀል መሠራቱን ፖሊስ ካወቀ ወይም ከጠረጠረ ምርመራ ይጀምራል። «መርማሪ እስኪመጣ ይጠብቅ» የሚል ቃል የለበትም። በሌላ ቁጥር እጅ ከፍንጅ የተያዘን ያለ ትእዛዝ እንዲይዝ ሥልጣን የተሰጠውም ያው ፖሊስ ነው።

— ዝቅ ይበሉና 25ን ይዩ፤ እዚያ ላይ «መርማሪ ፖሊስ» ብሎ ይጠራዋል። 36 ላይም የምርመራውን የዕለት መዝገብ እንዲይዝ ያዘዋል። ሕጉ ሁለቱን ሥራዎች ያውቃቸዋል። ያልተናገረው ሁለቱን አንድ ሰው ይሥራቸው ወይስ ሁለት የሚለውን ነው። እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ብዙ ሰው የተጎዳው።

— ብዙ ሰው የተጎዳው በሌላ ነገር ነው። ልንገርሽ። ሌሊት ቡና ተሰረቀ ብለው ደወሉ እንበል። ቶሎ ከደረስኩ፣ ጭቃው ላይ ኮቴው ገና ትኩስ ነው፤ ከጆንያው የፈሰሰው ፍሬ በየት እንደሄደ ያሳያል። ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጎረቤቱ ነው። በዚያች ሰዓት ውሻ ሲጮህ ወጥቶ ያየውን ይናገራል፤ ተናዷል፣ ነገ የእሱም ተራ ነው። በነጋታው ዘመድ ከዘመድ ይመካከራል። በሦስተኛው ቀን ጃርሱማ ይቀመጣል፣ ሽማግሌዎች ይገባሉ፣ ካሳ ይነጋገራሉ። አንድ ሳምንት ቆይተሽ ብትሄጂ «እኔ ተኝቼ ነበር» ይልሻል። መርማሪሽ በሳምንቱ ነው የሚደርሰው። የሚያገኘው የተኙ ሰዎችን ብቻ ነው።

— እውነት ነው።

— በእኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1975 ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም የመርማሪዎችን ሥራ አጥንቶ ያወጣው ውጤት ትልቅ ጭቅጭቅ አስነስቷል። ወንጀለኛው ይታወቅ አይታወቅ እንደሆነ ከሁሉ በላይ የሚወስነው ተበዳዩ መጀመሪያ ለደረሰው ፖሊስ የሚሰጠው ቃል ነው አለ። መርማሪው ከዚያ በኋላ የሚደክመው ድካም በአብዛኛው መዝገብ ማሟላት ነው። ያ ሁሉ ላቦራቶሪና መኪና ባለበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ እዚህ ኦሞ ናዳ ወረዳ ውስጥ፣ ዝናብ መንገዱን ሲቆርጠው፣ ከቀበሌ ቀበሌ በእግርና በሞተር በሚኬድበት ቦታ መርማሪ ለብቻው ምን ይፈይዳል? ዕውቀቱን መጀመሪያ ለሚደርሰው ልጅ ስጡት። ኮቴ እንዳይረግጥ፣ ጆንያውን በባዶ እጁ እንዳያገላብጥ፣ የጎረቤቱን ቃል እዚያው እንዲጽፍ አስተምሩት። በቃ።

— ዕውቀቱ ይሰጠው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን እዚያው የቡና ጉዳይ ላይ ልቆይ። ተረኛው ፖሊስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግማሽ ጆንያ እሸት ቡና የተሸከመ ሰው ያዘ። ሰውዬው «ከገዛ ጓሮዬ ነው» አለ። ፖሊሱ ምን ይላል?

— «በዚህ ሰዓት?» ይለዋል። እኔም እለዋለሁ።

— ትክክል ነዎት፤ መያዙም ትክክል ነው። አሁን ጣቢያ ደረሱ። ያው ፖሊስ ወረቀት አውጥቶ የሰውዬውን ቃል ይቀበላል። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ሰውዬው ጥፋተኛ ካልሆነ ፖሊሱ ያለ ጥፋቱ ሰው የያዘ ሊሆን ነው። ታግሎት ሊሆን ይችላል፣ እጁ ላይ ጭረት አለበት። ጥያቄው ሁሉ ወዴት እንደሚያዘነብል ያስቡት። «ከማን ማሳ ወሰድክ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። መልሱን ከጥያቄው በፊት አስቀምጦታል።

— ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይለያል? «ከማን ማሳ» ብሎ እሱም ይጠይቃል።

— ያልያዘው ሰው ጆንያውን ይፈታል። ሌሊት የሚሰርቅ ሰው እየመረጠ አይለቅምም፤ ቅርንጫፉን ይዞ ወደ ታች ይገፍፈዋል። ስለዚህ በጆንያው ውስጥ ቀዩና አረንጓዴው፣ ቅጠሉም ተቀላቅሎ ይገኛል። ባለቤት ግን በአብዛኛው የቀላውን ብቻ ለይቶ ነው የሚለቅመው፤ አረንጓዴ ከገባበት ዋጋው ይወርዳል፣ ዛፉም ለከርሞ ይጎዳል። ይህ አንድ ምልክት ነው። ግን አይበቃም። ብድር ያጣደፈው ባለቤትም የራሱን ቡና ሳይቀላ ሊገፍፍ ይችላል፤ አበዳሪው እንዳያየው ሌሊት ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ መርማሪው ሲነጋ ሦስት ቦታ ይሄዳል። አንደኛ ተሰረቀብኝ ያለው ሰው ማሳ፤ የተገፈፈ ቅርንጫፍ አንጓው ቆስሎ፣ ቅጠሉ ተቆርጦ ይታያል። ሁለተኛ የተያዘው ሰው ጓሮ። እዚያ የቆሰለ ቅርንጫፍ ከተገኘ ሰውዬው እውነቱን ነው። ሦስተኛ ደግሞ ቡና ሰብሳቢው ዘንድ ይሄዳል፤ የተሰረቀ እሸት የሚገዛ ሰው ከሌለ ማንም ሌሊት አይገፍፍም፤ የተሰረቀን መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሰውዬውን የያዘው ፖሊስ ሰውዬው ጓሮ ይሄዳል ብለው ያምናሉ?

— ጥሩ ፖሊስ ከሆነ ይሄዳል።

— ጥሩ ፖሊስ ሌሊቱን ሲዞር አድሮ፣ ታግሎ፣ ሲነጋ ራሱን የሚያስወቅስ ማስረጃ ፍለጋ ይሄዳል? ይህን ከሰው መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። የእሱ ክፋት አይደለም። ማንም ሰው ያደርገዋል።

— የትራፊኩን ነገር አስቢ እንግዲህ። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። አይሱዙና ባጃጅ ሲጋጩ የሚደርሰው ትራፊክ ፖሊስ ነው። መንገዱን ይዘጋል፣ ቁስለኛውን ያስነሳል፣ ሾፌሩን ይይዛል። ወዲያው ደግሞ ሜትር አውጥቶ የፍሬኑን ምልክት ይለካል፣ ፕላን ያነሳል፣ የምስክር ቃል ይጽፋል። አንድ ሰው ነው። ሁለቱንም ይሠራል፣ በፕላኑም ፍርድ ቤት ይፈርዳል። ለምን ለሌባው አይሆንም?

— ትራፊኩ ሲደርስ ግጭቱ አልቋል። ሾፌሩን አልታገለውም፣ አላሳደደውም። የደረሰው ሊለካ ነው። ጋሼ፣ እሱ ደንብ ልብስ የለበሰ መርማሪ ነው። የፍሬን ምልክት ደግሞ ቁጣ አይቶ አይረዝምም፤ ሰው ግን ተቆጥተው ሲጠይቁት የሚመልሰው ይለወጣል።

— ጥሩ መልስ ነው። ግን አያቶቻችን ያለ መርማሪ ስንት ዘመን ኖረዋል። በሰሜኑ አገር ቤት ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር። አገሬው በሙሉ ይሰበሰባል፣ አንድ በአንድ እየማለ ይጠየቃል። በፊት ለፊት መናገር የፈራ በወፍ ስም ይናገራል፤ «ወፍ ነገረችኝ» ይባላል። በእኛም አካባቢ ሽማግሌና ጎሣ ነው እውነቱን የሚያወጣው። ማኅበረሰቡ ራሱ መርማሪ ነበር። አሁን ያንን ትተን ማንንም ለማያውቅ፣ ከሌላ ወረዳ ተዛውሮ ለመጣ ሰው ፋይል እንሰጣለን። የአገሬው ልጅ እኮ የማን ልጅ ከማን እንደተጣላ ጠይቆ አይማርም፤ አድጎበታል።

— አውጫጭኙ ሰውን ሁሉ ከሥራው አስቀርቶ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ይይዝ ነበር፤ ንጹሑም ከጥፋተኛው እኩል ይጉላላል። የወፏን ቃል ደግሞ ማን ይጠይቃታል? ጠላቱን ሊያጠፋ የፈለገም በወፍ ስም መናገር ይችላል። ከአውጫጭኝ ጎን ሌባ ሻይም ነበር እኮ፤ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው፣ ወድቆ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይሉ ነበር። አገሬውን አያውቁም አልተባሉም፤ አብረውት ኖረዋል። ማወቃቸው ያንን ሰው አላዳነውም። የማን ልጅ ከማን እንደተጣላ የሚያውቅ ፖሊስ ማንን እንደሚጠረጥርም አስቀድሞ ያውቃል። ያን ጊዜ ዕውቀቱ ያግዘዋል ወይስ ያሳስተዋል?

— ቆይ፤ እንግዲህ የልቤን ልናገር። መርማሪ ለብቻው ይሁን ትያለሽ። ይህች አገር ለብቻው የሆነ ምርመራ አይታለች። ስሙ ማዕከላዊ ነው። እዚያ ውስጥ ጎዳና የሚጠብቅ፣ ትራፊክ የሚመራ፣ ጠብ የሚገላግል አልነበረም። ሥራቸው ምርመራ ብቻ ነበር። ሲቪል ለባሾች፣ የሠለጠኑ፣ ከያዙት ሰው ጋር ቂም የሌላቸው፤ ልክ አንቺ እንደምትፈልጊያቸው። ውጤቱን ታውቂዋለሽ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት የተያዙ ሰዎች እንዲያምኑ እንዴት ይደበደቡ እንደነበር ዘርዝሮታል። በ2010 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ ይዘጋ፣ ሙዚየም ይሁን አለ። እኔ ጎዳና ላይ ስቆም ሰው ስሜን ያውቃል፣ እናቱን በገበያ አገኛታለሁ። የማዕከላዊን መርማሪ ማን ያውቀው ነበር? ለይተሽ ስታስቀምጪው ከዓይን ታወጪዋለሽ። ንጹሕ ሰው የሚጠበቀው በዓይን ነው።

— ይህንን ቀላል መልስ አልሰጥበትም። የማዕከላዊ ታሪክ ምርመራን መለየት ብቻውን ምንም እንደማያድን ያሳያል፤ ይህን እቀበላለሁ። ግን ማዕከላዊ ውስጥ ይሠራ የነበረውን ምርመራ ማለት ይከብደኛል። መልሱ ሰውዬው ከመግባቱ በፊት ተጽፎ ነበር፤ የቀረው ፊርማ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ላይ በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ተጽፎ እያለ ሥራው ሁሉ ቃል ማውጣት ነበር። ሰውዬውን ከያዘው የእርስዎ ጣቢያ ፖሊስ ጋር የሚያመሳስለው ይህ ነው። ሁለቱም ማን እንደሠራው አውቀው ነው የሚጀምሩት። አንዱ ስለያዘው፣ ሌላው ስለታዘዘ።

— ስለዚህ ችግሩ አንድ ሰው ሁለት ሥራ መሥራቱ አይደለም፤ ሰውዬውን የሚያይለት ሁለተኛ ዓይን ማጣቱ ነው። ሁለተኛው ዓይን ደግሞ አለ። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ዳኛ ያየዋል። መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይሄዳል፤ ጎደለ ካለ «ይህን አጣራ» ብሎ ይመልሰዋል፤ ሕጉ ሥልጣኑን ሰጥቶታል። ሁለተኛ ፖሊስ ከምትጨምሪ ዐቃቤ ሕጉን አጠንክሪ።

— ዐቃቤ ሕግ የሚያየው ወረቀት ነው። ወረቀቱን የጻፈው የያዘው ሰው ነው። ያልተጻፈውን ማን ያያል? እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1860 አንድ ሕፃን በቤተሰቡ ቤት ተገድሎ ተገኘ። የአካባቢው ፖሊሶች በዚያው ሰሞን በቤቱ ማድቤት ደም የነካው ልብስ አገኙ። ጠፋባቸው፤ ጠፋብን ማለት አፈሩና ነገሩን ደበቁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከለንደን ዊቸር የተባለ መርማሪ ተላከ። የሟቹን እህት ጠረጠረ። ማስረጃ ግን አልነበረውም፤ ልብሱ መገኘቱን እንኳ አልነገሩትም። ጋዜጣው ተዘባበተበት፣ ሙያው ተበላሸ። ከአምስት ዓመት በኋላ ልጅቷ ራሷ ሄዳ አመነች። ዳኛም ዐቃቤ ሕግም ያንን ልብስ በወረቀት ላይ አያገኙትም ነበር።

— ተረትሽ ለእኔ ነው የሚመሰክርልኝ። ብልሁ መርማሪ ትክክል ሆኖ ተሸነፈ። ለምን? መጀመሪያ የደረሱት ስላበላሹት። ሁሉም ነገር የተወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው ብዬሻለሁ።

— ለእኔም ይመሰክራል፤ የደበቁት እነሱው መርማሪ ስለነበሩ ነው። ሥራቸው ማግኘትና ማስረከብ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያፍሩበት ነገር አይኖርም ነበር።

— እንግዲያው ወደ ምድር እንውረድ። በጀት የተፈቀደው ለአንድ ሰው ነው እንበል። አንድ ብቻ። የት ታስቀምጪዋለሽ? እኔ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ማሳ ላይ አቆመዋለሁ። ቡናዋ ያልተሰረቀባት መበለት መርማሪ አያስፈልጋትም፤ ልጆቿን ትምህርት ቤት ትልካለች።

— ያለ በጀት የሚሆን ልንገርዎ። አዲስ ሰው አልጠይቅም። የያዘው ፖሊስ የሰውዬውን ቃል አይቀበል፤ የሌላ ሽፍት ሰው ይቀበል። የያዘው እንደማንኛውም ምስክር ያየውን ይጻፍና ይውጣ።

— የሌላው ሽፍት ሰው ጓደኛው ነው። አንድ ትሪ ላይ ነው የሚበሉት። «ለምን ያዝከው?» ብሎ ሊጠይቀው ነው?

— ከሌላ ከተማ፣ ከሶኮሩ ወይም ከሰርቦ ይምጣ።

— ከሶኮሩ እስኪመጣ ጎረቤቱ ዝም ይላል። ዙሪያውን ሄደን እዚያው ተመለስን።

— የጎረቤቱን ቃል እርስዎ ይቀበሉ። ኮቴውን እርስዎ ይጠብቁ። ጆንያውን አሽገው ኤግዚቢት ያስገቡ። ይህ ሁሉ መጀመሪያ የደረሰው ሰው ሥራ ነው፣ ከእርስዎ የተሻለ የሚሠራው የለም። የያዙትን ሰው ቃል ብቻ አይንኩ።

— ራሱ ልናገር ቢለኝስ?

— መናገር እንደማይገደድ ይንገሩት፤ ሕጉም ያዛል። ልናገር ካለ ዳኛ ፊት ይናገር፤ ቁጥር 35 ለዚህ ነው የተጻፈው።

— ሌሊት ነው፤ ዳኛው ቤቱ ተኝቷል። ሰውዬው ደግሞ ሳልጠይቀው፣ ሳልነካው፣ «ሌላውን ጆንያ እገሌ ቤት አስቀምጠናል፣ ጠዋት አይሱዙ ይመጣል» አለኝ። ብርበራ በመደበኛው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ትእዛዝም ይጠይቃል። እስኪነጋ ብተኛ ቡናው ከሌላ ቡና ጋር ይቀላቀላል። ከተቀላቀለ በኋላ የአንቺም መርማሪ፣ የለንደኑም ቢመጣ የማን እንደሆነ አይለየውም።

— ቤቱን ያስከብቡ። ማንም እንዳያወጣ አንድ ሰው በፊት፣ አንድ ሰው በጓሮ ያቁሙ። ሌላ ሰው ትእዛዙን ከዳኛ ይጠይቅ፤ ሌላ ሰው ደግሞ የተያዘውን ይጠብቅ።

— ልጄ፣ ያን ያህል ሰው ቢኖረኝ ማሳው መጀመሪያውኑ አይገፈፍም ነበር።